ወደ መጻሕፍት ፌስቲቫል ብቻን ወይስ ከጓደኛ ጋር? በጅማ አንባቢያን መካከል የተነሣ ክርክር

መነሻው ጽሑፍ

በጅማ አንባቢያን የበይነ መረብ መድረክ ላይ ይህን የውይይት ክር የከፈቱት በጅማ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ናቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ፣ ጀበና ቡና በሚፈላበት አንድ ቤት እየተገናኙ ስለ መጻሕፍት የሚወያዩ አምስት ጓደኛሞች፣ ትምህርት በተዘጋበት ሐምሌ ገንዘብ አዋጥተው በሶማሊላንድ ዋና ከተማ በሐርጌሳ የሚካሄደውን ዓለም አቀፍ የመጻሕፍት አውደ ርእይ ለማየት ሄደው ነበር። የጅማን የክረምት ዶፍ ትተው፣ የፈተና ወረቀትና የቤት ጣጣ በሌለበት ሳምንቱን ሙሉ ስለ መጻሕፍት ብቻ እያወሩ ማሳለፍ የሁሉም የቆየ ምኞት እንደ ነበር መምህሩ ይተርካሉ። ዳሩ ግን ከተማው ከደረሱ በኋላ ጧት ጧት ወዴት እንደሚውሉ እጅ እያወጡ ድምፅ ይሰጡ ጀመር። ብዙዎቹ ዋናውን አዳራሽ ከመረጡ አምስቱም በአንድ ረድፍ ተደርድረው ይውላሉ፤ ብዙዎቹ ከደከማቸው የማታው የግጥም ዝግጅት ለሁሉም ይቀራል። መጻሕፍት በተዘረጉባቸው ጠረጴዛዎች ፊት አንዱ ገና ሽፋን ሲያገላብጥ ሌላው ሰዓቱን ያያል። የጋራው ገንዘብ አያያዝም ቅሬታ አስነሣ፤ ሳምንቱ ሳያልቅ ከአምስቱ ሁለቱ መነጋገር አቆሙ።

መጽሐፍ ለብቻ እንደሚነበብ ሁሉ ወደ መጻሕፍት ፌስቲቫልም ለብቻ መሄድ ይሻላል፤ ጓደኛ ለቅዳሜው ቡና ይበቃል የሚል ነው የመምህሩ ድምዳሜ። ከዚህ የተለየ ልምድ ያለው ሰው እንዲጽፍላቸውም በትሕትና ጠይቀዋል። ምላሾቹን በየቁጥራቸው፣ በራሴ አገላለጽ አቀርባለሁ፤ ሁሉም እኩል ስለማያወሩ እኩል ቦታ አልሰጠኋቸውም።

1ኛ ምላሽ

በቤተ መጻሕፍት የሚሠሩ አንድ አንባቢ መምህሩን ካመሰገኑ በኋላ በሐሳባቸው ተስማምተዋል። ሰው አንድ ደራሲ ሲናገር እየሰማ ጎኑ የተቀመጠውን ጓደኛ ፊት የሚያነብ ከሆነ፣ የሚሰማው ደራሲውን ሳይሆን የጓደኛውን ፍርድ ነው ይላሉ። ጓደኛ የሚያስፈልገው ከተመለሱ በኋላ፣ የሰሙትን ለመተረክ እንደ ሆነም ያክላሉ። ለስለስ ያለ፣ ግን ብልህ ምላሽ ነው።

2ኛ ምላሽ

ይህኛው እርማት ነው። ጸሐፊው መንገዱን በሚገባ የሚያውቁት ሰው ሳይሆኑ አይቀሩም። ከጅማ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የግልገል ጊቤንና የጊቤን ሸለቆ መውረድና መውጣት ደግሞ ለብቻው ይታሰባል። ከአዲስ አበባ በሐረር በኩል ጅግጅጋ ለመድረስ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ይቀራል፤ ከዚያ የድንበር ከተማዋ ቶጎ ውጫሌ ድረስ ሌላ ከ70 በላይ፣ ድንበሩን ተሻግሮም ሐርጌሳ ለመግባት ወደ 90 ኪሎ ሜትር አለ። መምህሩ ሳምንት ያሉት ጊዜ ይህን ሁሉ በመኪና ሄዶ መመለስን የሚጨምር ከሆነ፣ አውደ ርእዩን ያዩት በተረፈች እፍኝ ቀን፣ ወገባቸው ሳይቃና ነው። ስለዚህ ያጣላቸው ፌስቲቫሉም ጓደኝነቱም ሳይሆን መንገዱ ነው። አቅም ያለው ከአዲስ አበባ ሐርጌሳ በአውሮፕላን ይብረር፤ አቅም የሌለው ደግሞ ሐረር ላይ አንድ ቀን አርፎ ይለፍ ብለዋል። የሒሳቡን ነገር እኔም አስልቼዋለሁ፤ ደርሶ መልሱ ከ2,000 ኪሎ ሜትር ይበልጣል።

3ኛ ምላሽ

ቪዛው ከየት እንደሚወጣ የጠየቀ አንድ ወጣት ነው። ለእርሱ በሌላ ቁጥር የተሰጠው መልስ፣ አዲስ አበባ ባለው የሶማሊላንድ ጽሕፈት ቤት በኩል አስቀድሞ መጨረስ እንጂ ድንበር ላይ ደርሶ መለማመጥ እንደማያዋጣ የሚያሳስብ ነው።

4ኛ ምላሽ

የጅማ ልጅ የሆነች፣ በዌልስ የተማረች አንዲት ሴት ረዘም ያለ ምላሽ ጽፋለች። እርሷ ከሁለት የክፍል ጓደኞቿ ጋር የሄደችው ወደ ሄይ ፌስቲቫል ነው። ሄይ ኦን ዋይ ነዋሪዎቿ ከ2,000 የማይበልጡ፣ በእንግሊዝና በዌልስ ድንበር ላይ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ባቡር አይደርስባትም፤ ሰው ሄርፈርድ ከሚባለው ከተማ ላይ ወርዶ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል በአውቶቡስ ይሄዳል። ፌስቲቫሉ እ.ኤ.አ. በ1988 ተጀምሮ በየዓመቱ በግንቦት ማብቂያ ገደማ ከሳምንት በላይ ይቆያል። የሚካሄደው ሜዳ ላይ በተተከሉ ድንኳኖች ሲሆን፣ ዝናቡና ጭቃው የክረምቱን ጅማ ያስናፍቃል ትላለች።

እዚያ ለያንዳንዱ ውይይት ትኬቱ ለብቻው ይሸጣል። ስለዚህ ማን ምን እንደሚሰማ ከመሄዳቸው በፊት ስለሚወሰን፣ ጧት ተነሥቶ እጅ የሚያስወጣ ነገር የለም። ሦስቱ ጓደኛሞች አንድ ደንብ አወጡ፦ እያንዳንዳቸው ሌሎቹ ሁለቱ ፈጽሞ የማይፈልጉትን ቢያንስ አንድ ውይይት መርጠው ብቻቸውን ይገባሉ፤ ማታ በእራት ሰዓትም የሰሙትን ተራ በተራ ይተርካሉ። ከሁሉ የማትረሳው ራሷ የገባችበትን ሳይሆን፣ አንደኛው ጓደኛዋ ስለ አፈር የተጻፈ መጽሐፍ ውይይት ሰምቶ እጁን እያወናጨፈ የተረከላቸውን ነው። አብሮ መሄድ ማለት አብሮ መቀመጥ ነው ያለው ማን እንደ ሆነ መምህሩን በአክብሮት ጠይቃለች።

ለእኔ የክሩ አቅጣጫ የተለወጠው እዚህ ላይ ነው። መምህሩ በሁለት የከፈሉትን ጥያቄ እርሷ በሦስት ከፈለችው።

5ኛ ምላሽ

ከዚህ በኋላ ትሕትናው ቀነሰ። ጸሐፊው ከአምስቱ ተጓዦች አንዱ መሆኑን ገልጾ ይጀምርና፣ የመምህሩ ትረካ ግማሹን እንደ ደበቀ ይናገራል። ድምፅ እንስጥ የሚለውን ሐሳብ ያመጡት መምህሩ ራሳቸው ናቸው፤ የግጥሙ ምሽት የቀረውም እርሳቸው በጊዜ መተኛት ፈልገው ሌሎች ሁለት ሰዎችን ስላግባቡ ነው። ከዚያም ማንም ያላሰበውን ምክንያት ያነሣል። ሐርጌሳ ውስጥ ከሻይ እስከ አልጋ ክፍያው የሚፈጸመው ዛድ በሚባለው የስልክ ገንዘብ ነው። ከአምስቱ የዚያን አገር ሲም ካርድ ያወጡት መምህሩ ብቻ ስለ ነበሩ፣ የጋራው ገንዘብ በሙሉ እርሳቸው ስልክ ውስጥ ገባ። አንድ ጠርሙስ ውኃ ለመግዛት እንኳ ገንዘብ ያዡን መከተል ግድ ሆነ። አምስት ሰው በአንድ ረድፍ የተቀመጠው ከፍቅር ብዛት ሳይሆን ስልኩ አንድ በመሆኑ ነው ይላል።

6ኛ ምላሽ

መምህሩ በዚያው ቀን ማታ በቁጣ መለሱ። ሲም ካርዱን ያወጡት ሌሎቹ ሰልፍ ሰልችቷቸው ሲቀመጡ እርሳቸው በትዕግሥት ስለ ቆሙ ነው፤ የወጪውን ዝርዝርም በየማታው ያነብቡ ነበር። ይልቁንም ከጉዞው በፊት የተወሰነውን መዋጮ ያላሟላ አንድ ሰው እንዳለ፣ እርሱም ማን እንደ ሆነ ራሱ እንደሚያውቅ ጽፈዋል። ‹‹ወንድሜ›› ብለው የጀመሩትን ሰው ‹‹ግለሰቡ›› እያሉ መጨረሳቸውን አንባቢ ሁሉ ያስተውላል።

7ኛ ምላሽ

የመድረኩ አስተባባሪ ነው። የመዋጮው ጉዳይ በቅዳሜው ቡና ላይ፣ ሽማግሌ ባለበት እንዲታይ በማሳሰብ ወደ ጥያቄው እንዲመለሱ አሳስቧል።

8ኛ ምላሽ

በንግድ ሥራ ሐርጌሳ የሚመላለስ ሰው አጭር መፍትሔ ሰጥቷል፤ እያንዳንዱ ሰው ድንበሩን እንዳለፈ በፓስፖርቱ የራሱን ሲም ካርድ ያውጣ፣ በተጨማሪም በትንንሹ የተመነዘረ ዶላር በኪሱ ይያዝ። የሶማሊላንድ ሽልንግ ለተራ ወጪ ቢያገለግልም በእሽግ የሚያዝ ስለ ሆነ ሸክሙ እንደማያዋጣም ነግሯል። ለጋራ ወጪ የሚሆነውን ብቻ ማዋጣት፣ የቀረውን ለየግል መተው የሚለውን ምክሩን ማንም አልተቃወመም።

9ኛ ምላሽ

የክሩ ትልቁ ምላሽ ይህ ይመስለኛል። ጸሐፊዋ በጅማ ተቀጥራ የምትሠራ ሴት ናት። እስካሁን የተጻፈውን ሁሉ ካነበበች በኋላ ጥያቄው ራሱ ለወንዶች የተቀረጸ ሆኖ እንዳገኘችው ትናገራለች። ብቻን መሄድና ከጓደኛ ጋር መሄድ እንደ ሁለት ዓይነት ቡና ቀርቦ የሚመረጠው፣ ብቻውን ልሂድ ሲል ማንም ምክንያቱን ለማይጠይቀው ሰው ነው። እርሷ ወደ ሐርጌሳ የመሄዱን ነገር ቤት ውስጥ ስታነሣ የመጀመሪያው ጥያቄ ስለ ዋጋው ወይም ስለ ርቀቱ አልነበረም፤ ከነማን ጋር እንደምትሄድ ነበር የተጠየቀችው። ሦስት የሥራ ባልደረቦቿ፣ ሁሉም ሴቶች፣ አብረዋት ባይነሡ ኖሮ እናቷ አይፈቅዱም፣ እርሷም ብትሆን ያን ሁሉ መንገድ ብቻዋን አትደፍርም ነበር። ሁለት ሁለት ሆነው አልጋ በመያዛቸው ወጪው ቀለለ፤ ማታ ከዝግጅቱ ሲመለሱ አብሮ የሚሄድ ሰው አላጡም፤ በከተማው ልማድ መሠረት ፀጉራቸውን የሚሸፍኑበትን ሻሽ እንኳ እየተዋዋሱ ነው የሰነበቱት።

ይህን ካለች በኋላ ግን ወደ መምህሩ ሐሳብ መለስ ትላለች። ከሳምንቱ በጣም የነካት ውይይት ብቻዋን ተቀምጣ የሰማችው ነው፤ ብቻዋን የተቀመጠችውም ጓደኞቿ በዚያ ሰዓት መጻሕፍት ሲመርጡ ስለ ነበር ነው። የሚያውቃት ሰው አጠገቧ ባለመኖሩ እጇን አውጥታ ጥያቄ ጠየቀች፤ ቅዳሜ በሚያውቋት ሰዎች መካከል ደፍራ የማትጠይቀውን። ያን ብቸኝነት የሰጧት ጓደኞቿ ናቸው፤ በሩ ላይ እንደሚጠብቋት ስላወቀች ልቧ አርፎ ብቻዋን መሆን ቻለች። ቀን መበታተን፣ ማታ መሰብሰብ የሚለውን የ4ኛውን ምላሽ ደንብ እርሷም ትደግፋለች፤ ነገር ግን ለሴቶች የማታው መሰብሰብ እራት ለመብላት ብቻ ስላልሆነ፣ ሰዓቱና ቦታው ጧት ተነግሮ የሚከበር መሆን አለበት ትላለች።

10ኛ እና 11ኛ ምላሽ

አንድ ሰው እህቶቻችን እንዲህ ከሚንገላቱ አዘጋጆቹን ወደ ጅማ ብንጋብዛቸው ይሻላል ሲል ጻፈ። በቅንነት ይመስላል፤ ሆኖም እርሷ ወዲያው በ11ኛው ምላሽ፣ መንገላታቷን እንዳልጻፈች፣ በደስታ መሰንበቷን እንደ ጻፈች፣ ጽሑፉን ከመመለስ በፊት ማንበብ ለአንባቢያን መድረክ የማይከብድ ሥራ እንደ ሆነ ነገረችው። ብዙ ሰዎች በምልክት ደገፏት። የሰውየው ስም በክሩ ውስጥ ዳግመኛ አልታየም።

12ኛ ምላሽ

ከጅግጅጋ የሚጽፉ፣ የአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ሶማሊኛ የሆነ አንባቢ፣ አምስቱ ጓደኛሞች የግጥሙን ምሽት እንደ ቀላል ነገር መዝለላቸው እንዳሳዘናቸው ገልጸዋል። ቋንቋውን አንሰማም የሚለው ምክንያት አይበቃም ይላሉ። የሶማሊኛ ግጥም ከመጀመሪያው ስንኝ እስከ መጨረሻው በአንድ የተመረጠ ድምፅ በሚጀምሩ ቃላት ላይ ይታነጻል። የአማርኛ ግጥም ጆሮን የሚይዘው በስንኙ መጨረሻ ቤት ሲመታ ነው፤ ያኛው የሚይዘው በመነሻው ነው። ቋንቋውን የማያውቅ ሰውም ቢሆን ያ ድምፅ ስንኝ በስንኝ ሲመላለስ ይሰማል፤ የአድማጩ ጭብጨባ የት ላይ እንደሚወድቅም ያያል። የጅማ ሰዎች አብዛኞቹ አፋን ኦሮሞ ስለሚሰሙ፣ ሁለቱ ቋንቋዎችም የኩሽ ዘመዳሞች ስለ ሆኑ፣ የሚያዝ ነገር አያጡም ብለዋል።

ስለ አውደ ርእዩ አነሣሥም ጽፈዋል። ሐርጌሳ እ.ኤ.አ. በ1988 በአውሮፕላን ቦምብና በከባድ መሣሪያ ተደብድባ ከጥቅም ውጭ ሆና ነበር። በሒሳብ ምሁሩ ጃማ ሙሴ ጃማ መሪነት አውደ ርእዩ የተጀመረው ከዚያ ሃያ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። የከተማው የባህል ማዕከል ከ10,000 በላይ ካሴቶችን ሰብስቦ ይዟል፤ ዘፈን፣ ግጥም፣ የሬዲዮ ድራማ። ወደዚያ የሄደ አንባቢ አንድ ከሰዓት በኋላ ለካሴቶቹ ካልሰጠ፣ የዚያን ሕዝብ ሥነ ጽሑፍ ግማሹን ሳያይ ተመለሰ ማለት ነው፤ የሚበልጠው ክፍል በቃል የተነገረ ነውና።

መምህሩ ለዚህ ምላሽ ምስጋና አስፍረዋል። ከቁጣቸው በኋላ የጻፉት የመጀመሪያ መስመር ነው።

ከ13ኛ እስከ 17ኛ ምላሽ

ክርክሩ እዚህ ላይ ወደ ጅማ ዞረ። አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ 2,000 ሰው የማይሞላት ሄይ ይህን ካደረገች ጅማ ለምን አታደርግም ሲል ጠየቀ። በ1999 ዓ.ም. ሕዝብ ቆጠራ ብቻ 120,960 ነዋሪ የነበራት፣ እ.ኤ.አ. በ1999 የተመሠረተ ዩኒቨርሲቲ ያላት፣ አውሮፕላን የሚያርፍባት፣ ጅሬን ላይ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የቆመባት ከተማ ናት። በቤተ መንግሥቱ ግቢ ውስጥ፣ ዝናብ ባለፈበት በጥቅምትና በኅዳር፣ ደራስያን ሲናገሩ ታየው። ቁጥሮቹ ትክክል ናቸው፤ የከተማዋንና የመንደሯን ልዩነት ግን በሕዝብ ብዛት ብቻ መለካቱ አላሳመነኝም።

የ4ኛው ምላሽ ጸሐፊ ተመልሳ ያስገባችው እርማት ይህንኑ ነው። ሄይ ፌስቲቫሉን ከመጀመሯ በፊት ሪቻርድ ቡዝ የሚባለው ሰው ከእ.ኤ.አ. 1960ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ ያገለገሉ መጻሕፍት መሸጫዎችን ከፍቶባት ነበር፤ ሰውየው እ.ኤ.አ. በ1977 ራሱን የሄይ ንጉሥ ብሎ እስከማወጅ የደረሰ ቀልደኛ ነው። ድንኳኑ የመጣው መደርደሪያው ከተሞላ ሩብ ምእተ ዓመት ያህል ካለፈ በኋላ ነው። ጅማ ውስጥ ስንት መጻሕፍት መደብር አለ ስትል ጠየቀች፤ ቁጥር የሰጣት ሰው የለም። የጅግጅጋው አንባቢ ደግሞ ሐርጌሳን ምስክር አድርገው ተከራከሯት፤ እዚያ አውደ ርእዩ መደብሮቹ እስኪሞሉ አልጠበቀም። የአንዱ ፌስቲቫል የተጀመረበትና የሌላው ከተማ የፈረሰበት ዓመት አንድ መሆኑን ሁለቱም ሳያነሡት አለፉ።

16ኛው ምላሽ ከናይጄሪያ የመጣ ማስጠንቀቂያ ይዟል። አኬ የሚባለው የመጻሕፍትና የኪነ ጥበብ ፌስቲቫል እ.ኤ.አ. በ2013 በአቤኦኩታ ተጀምሮ በ2018 ወደ ሌጎስ ተዛወረ። የጅማውም ቢጀመር በአምስተኛው ዓመት አዲስ አበባ ላይ እንዳናገኘው ይላል። 17ኛው በየትኛው ቋንቋ ሊካሄድ ነው ብሎ ሲጠይቅ ነገሩ ሊግል ጀመረ፤ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ለየብቻ በተዘጋጁ ሰዓቶች ይሁን የሚል አስታራቂ ሐሳብ ቀርቦ ለጊዜው በረደ። ይህ ጉዳይ ራሱን የቻለ ክር ያስፈልገዋል፤ አስተባባሪውም በኋላ ያደረገው ይህንኑ ነው።

18ኛ እና 19ኛ ምላሽ

ቡና ከጮጬ ነው ወይስ ከቦንጋ የተገኘው የሚለው የማያልቅ ሙግት በእነዚህ ቁጥሮች ብቅ ብሎ ጠፍቷል። በመካከሉም ስለ ሶማሊላንድ የፖለቲካ ይዞታ የተጻፉ ሁለት መልእክቶች በአስተባባሪው ተሰርዘዋል፤ ቁጥር ስላልተሰጣቸው እዚህ አይቆጠሩም።

20ኛ ምላሽ

መምህሩ ተመለሱ። አቋማቸውን ሙሉ በሙሉ አልለወጡም፤ ለእርሳቸው ብቻን መሄድ አሁንም ይሻላል። ሆኖም በ9ኛው ምላሽ የተጻፈው እርሳቸው በጠየቁት ጥያቄ ውስጥ እንዳልነበረ ተቀብለዋል፤ ጸሐፊዋንም እህቴ ብለው፣ በበር ላይ የሚጠብቅ ሰው መኖሩ ስለሚሰጠው ዕረፍት የጻፈችውን ለተማሪዎቻቸው እንዲያነብቡላቸው ፈቃዷን ጠይቀዋል። ስለ ጉዞ ጓደኛቸው አንድም ቃል አላነሡም። ይህን ዝምታ አንዳንዶች እንደ ዕርቅ፣ አንዳንዶች እንደ ቂም አነበቡት፤ እኔ ሁለተኛውን እጠረጥራለሁ።

21ኛ ምላሽ

ከ5ኛው ምላሽ ጸሐፊ የመጣ አንድ መስመር ነው። የቀረውን መዋጮ በባንክ ማስገባቱንና ደረሰኙን በግል መልእክት መላኩን አስታውቋል።

22ኛ ምላሽ

የ9ኛው ምላሽ ጸሐፊ ለመጪው ሐምሌ የጉዞ ዕቅድ አውጥታለች። ሐረር ላይ አንድ ሌሊት ይታደራል፤ እያንዳንዱ ተጓዥ ቪዛውን አስቀድሞ ይጨርሳል፤ ሲም ካርድ ሁሉም በየግሉ ያወጣል፤ አልጋና መኪና ብቻ በጋራ ይከፈላል፤ አንድ ምሽት ለግጥም፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ለካሴቶቹ ተለይቷል፤ የቀረው ሰዓት የየግል ነው። እስካሁን አራት ሴቶችና ሁለት ወንዶች ስማቸውን ሰጥተዋል፤ ከወንዶቹ አንዱ ደረሰኝ የላከው ሰው ነው። ፓስፖርት የሌላቸው ሰዎች ማመልከቻውን ከአሁኑ እንዲጀምሩ፣ የተመዘገቡትም ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ለመነጋገር እንዲገናኙ አሳስባለች።